ቁልቁል የሚድህ ድንበር

አባቴ በሕይወቱ ሌባ ብሎ የሰደበው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ የልብ ጓደኛው ነበር። በሬዎቹን የነዱበትን፣ ቤቱን ያቃጠሉበትን እንኳ «ይቅር ይበላቸው» ብሎ አልፏል። ይሄኛውን ግን አንጀቱ እሺ አላለውም።

እኛ የጊዳ አያና ገጠር ሰዎች ነን። አያቴ በጉብዝናው ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም መጣ፤ እዚያው አገባ፣ እዚያው አረጀ። የእኛ ማሳ ሜዳው ላይ ነው። ከበላያችን ዳገቱ ይጀምርና የጎረቤታችን ማሳ ይሆናል፤ ቤታቸው ከዳገቱ አናት ላይ ነው። እናቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተች ያሳደገችኝ የዚያ ቤት እመቤት ናት ማለት ይቻላል። አዮ ነው የምላት፤ በአገራችን ኦሮምኛ እናት ማለት ነው። አማርኛዬን ከአባቴ፣ ኦሮምኛዬን ከአዮ ጉያ ነው ያገኘሁት። ዛሬም ስናደድ በየትኛው እንደምሳደብ አላውቅም፣ ሁለቱም ተደባልቀው ይመጡብኛል።

አባቴ የአዮን ባል «ሂሪያ ኮ» ይለው ነበር፣ ጓደኛዬ ማለቱ ነው። እሱም አባቴን እንዲሁ። በስማቸው ሲጠራሩ ሰምቼ አላውቅም። ገና ጎረምሶች ሳሉ አባቶቻቸው ማሳውን ሲለዩላቸው ድንበሩን የተከሉት ራሳቸው ናቸው። ከደጃፋችን ካለው ዋንዛ ሥር ጀምረው ገመድ ወደ ዳገቱ ዘረጉ፤ ገመዱ ካለቀበት ላይ ግራና ቀኝ ቃጫ ተከሉ። ቃጫ እሾሃም ነው፣ ከብት አይበላውም፣ ድርቅ አይገድለውም፤ ለድንበር እሱን የመሰለ የለም። ገመዱ ከዚያ ወዲህ የቤታችን ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ። ማንም አይነካውም። አንድ ጊዜ ጥጃ ላስርበት ባወርደው አባቴ የጮኸብኝ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የጎረቤታችን ጎተራ ከዳገቱ ወገብ ላይ ነበር፣ ሁልጊዜ ወደ እኛ ያዘነበለ። በየዓመቱ በግንድ ይደግፉታል፤ በየዓመቱ ሌላ ግንድ ይጠይቃል። አባቴ «ጎተራህ ዛሬም ጠጥቶ ነው ያደረው» ይለዋል። ሰውዬው ደግሞ የአንተን ቤት ጠላ ሸቶት ነው ወደ ታች የሚያየው ብሎ ይመልስለታል። ይሳሳቃሉ። ከጎተራው በታች ያለችው ምንጭ ክረምት ላይ ትደፈርሳለች። ከዳገቱ አናት ሣሩ ውስጥ ስንጥቆች አሉ፤ እኛ ልጆቹ እግራችንን እየከተትን እንጫወትባቸው ነበር። ይሄን ሁሉ አገር ያየዋል። አንዱን ከአንዱ ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም።

እኔ ነቀምቴ ዩኒቨርሲቲ ልገባ የተሰናዳሁበት ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር። ሊወጣ ሲል አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳ ገባ፤ በሬዎቹ ድንበሩ ጋ ከወትሮው ቀድመው ዞሩበት። ገበሬ የማሳውን ርዝመት በሜትር አያውቀውም፣ እግሩ ግን ያውቀዋል። እርሻውን ትቶ ቤት ገባ፣ ምንም ሳይናገር ገመዱን አወረደ፣ ከዋንዛው ሥር ዘረጋው። ገመዱ ቃጫውን አልፎ ሄደ። እኔ ጫፉን ይዤ ቆሜያለሁ።

ለማንም አልተናገረም። ከዚያ በአንዱ ማለዳ ከብት ሊያወጣ ሲሄድ ጎረቤታችንን ድንበሩ ላይ አገኘው። ዶማ ይዟል። ከቃጫዎቹ አንዱን ነቅሎ ከነአፈሩ ታቅፎታል። አባቴን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ አንድ ቃል አልወጣውም፤ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ጥፋተኛ ካልሆነ ለምን ዝም ይላል? አባቴ ያሰበው ይሄን ነው፤ እኔም ብሆን ሌላ አላስብም ነበር። «ድንበር ገፊ! ሌባ!» ብሎ ጮኸበት። በገበሬ ዘንድ ድንበር ገፊ መባል ነፍሰ ገዳይ ከመባል ብዙም አይሻልም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሁለቱም ወገን ነበሩ፤ አማርኛውና ኦሮምኛው እንደ ሁልጊዜው እየተቀባበለ ይሄድ ነበር። ገመዱ ተዘረጋ፣ ሁሉም አየ። ቃጫው ገመዱ ካለቀበት ላይ ተመልሶ እንዲተከል ፈረዱና፣ እንደ ወጉ ጎረቤታችንን ማል አሉት። የዚያ አገር መሐላ ቀልድ አይደለም። «እኔም ቤቴም ይህን ድንበር አልነካንም» ተብሎ ነው የሚማለው፤ በሐሰት የማለ ሰው መዓቱ ልጅ ልጆቹን ይከተላል ተብሎ ይፈራል። ሰውዬው ዱላውን አንስቶ ቆመ።

«አልምልም» አለ።

ሌላ ቃል ሳይጨምር ዳገቱን ወጥቶ ሄደ። አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አያችሁ አላቸው። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በዚያው ሰሞን የእነአዮ የበኩር ልጅ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ፣ ወርቅ እቆፍራለሁ ብሎ ወደ ምዕራብ ወረደ ተባለ። ከእኔ ጋር አብሮ ያደገ፣ እንደ ወንድሜ የማየው ሰው ነበር። ለምን እንደ ተጣሉ የነገረን የለም፣ የጠየቅንም የለም። ጠበኛ ቤት ነው እየተባለ ታለፈ።

ዓመት ሳይሞላ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ማን ምን እንዳደረገ አልዘረዝርም፤ ዘርዝሬው የሚመለስ ሰው የለም። እኔም ለእረፍት ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ተኩሱ ሲቀርብ ሁሉም የቻለውን ይዞ ወጣ። አባቴ ብርድ ልብሱን ትቶ ገመዱን ይዞ ወጣ። ገመድ! ቆሽቴ አሮ ጣለው ብለው አልሰማኝም። ጎረቤታችን ቃጫው አጠገብ ቆሞ ነበር። እጁን አነሣ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አባቴ ወደ ሌላ እያየ አለፈው። አዮ እየሮጠች መጥታ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በነጠላዋ ቋጥራ አስያዘችኝና ሳመችኝ። አባቴ መንገድ ላይ እየራበው ከዚያ ቂጣ አልቀመሰም።

ነቀምቴ አንዲት ክፍል ተከራየን። እሱ ዘበኝነት አገኘ፤ እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ገመዱ አልጋው ሥር ገባ። አገር ሲረጋጋ ይዞት ተመልሶ መብቱን ሊያስከብርበት ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቤቱና ስለ ከብቱ ሲያወራ የእኔ አባት ስለዚያ ሰው ያወራል። ክፉ ጊዜ ያመጣውን ክፉ ጊዜ ይወስደዋል፣ እሱ ግን አብሮኝ በልቶ ነው ይላል። ይሄን ባለ ቁጥር አዮ ትናፍቀኛለች፣ ናፈቀችኝ ማለት ግን በእኛ ቤት አይቻልም ነበር።

የተማርኩት ሥነ ምድር ነው። ለምን መረጥሽው አትበሉኝ፣ የደረሰኝ እሱ ነው። መምህራችን ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ኦሮምኛው ከሰላምታው ከ«አካም ጂርታ» የማያልፍ፣ ከድንጋይ ጋር ግን እንደ ዘመድ የሚጫወት ሰው ነበር። አንድ ሰሞን ምድር እንዴት እንደምትጣመም አስተማረን። ስለ ግግር በረዶ ጀመረ። ማናችንም አላየነው፤ በጠመኔ ነው የሳለልን። ተራራ የሚያህል በረዶ በዝግታ እየተንፏቀቀ ፊቱ ያገኘውን ደለል ይገፋዋል፣ ያጣጥፈዋል፣ በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላ እጥፋቱ ይቀራል። ከዚያ ወደ ምድር ቅርፊት ሄደ፤ ከሥር ሆኖ ሲገፋፋ ጠንካራው አለት እንደ ሊጥ ይታጠፋል፣ አልታጠፍ ያለው ይሰበራል፣ ዘመኑ ግን በሰው ዕድሜ አይቆጠርም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ምሳ ምን እንበላለን እያልኩ አስብ ነበር።

ከዚያ ለመስክ ትምህርት ወጣን። ከነቀምቴ ወጣ ብላ ያለችውን ጉቴን አለፍ ብሎ መንገድ ሲሠራ ተቆርጦ የቀረ ገደል አለ። ቀይ አፈር፣ ነጣ ያለ ሸክላ፣ ጠጠር፣ ተራ በተራ ተነጥፈው ይታያሉ። ከግርጌው ግን ንጣፎቹ እግር እንደገፋው ምንጣፍ ተሸብሽበዋል። መምህራችን ይሄ የበረዶም የቅርፊትም ሥራ አይደለም፣ የዳገቱ ነው አለን። ዳገት ሁሉ በአንድ ቀን ተንዶ አይወርድም፤ ክረምት ውኃ ሲጠግብ እንደ ሕፃን የሚድህ አለ፣ አጠገቡ ቆመህ አታየውም። ወደ ላይ እያመለከተ አሳየን፤ ባሕር ዛፎቹ ከሥራቸው ጎብጠው ከዚያ ወደ ሰማይ ተቃንተዋል፣ መሬቱ እግራቸውን እየወሰደባቸው። የመብራት ምሰሶው አዘንብሏል። አናቱ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ከሥሩ ድፍርስ ውኃ ይወጣል። ግርጌው አብጦ ሜዳው ላይ ወጥቶበታል።

እኔ የማየው ግን ጉቴን አይደለም። የሰከረውን ጎተራ ነው፣ ምንጯን፣ እግሬን የከተትኩበትን ስንጥቅ። ዳገቱ ላይ አጥር ቢኖርስ ብዬ ጠየቅሁት። ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ ልጆቹ ዞረው አዩኝ።

«የተተከለበትን ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው» አለ መምህራችን። «አጥርም ቢሆን።»

መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። ጓደኞቼ ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ።

ለአባቴ ያንኑ ዕለት ነገርኩት። ጋቢውን አልጋው ላይ አጣጥፌ፣ ትራሱን ዳገት አድርጌ፣ ክብሪት ቃጫ አድርጌ አሳየሁት። ከላይ ገፋ አደረግሁት፤ ክብሪቶቹ ተሰልፈው ወረዱ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። አይቶ ሲያበቃ ጋቢውን አንስቶ ለበሰው።

«ተራራው ዶማ ይይዛል?» አለኝ። «ሲነቅል በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ዳገቱ ቃጫውን ያወርደዋል፣ እሺ። ሰውዬው ታዲያ በማለዳ ዶማ ይዞ ምን ያደርጋል? ለምንስ አልማለም? ነገሩን ተውነው። ተውነው ስል እኔ ነኝ የተውኩት። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፉ ጎደለ፤ ሲበላ እጁ ሳህኑ ላይ ይረሳል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እግሩን እየታጠበ ነበር። ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀና አለ። ፊቱ ወደ ዳገቱ ነበር አለኝ። ማን ስለው፣ ሂሪያ ኮ አለኝ። ከጠቡ ወዲህ በዚያ ስም ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። ቃጫውን ታቅፎ ሽቅብ እየወጣ ነበር አለ፤ የተነቀለበት ጉድጓድ ከእኛ ማሳ በኩል ነው፣ አዲሱ ጉድጓድ ከላይ፣ ከራሱ እርሻ ውስጥ ተቆፍሮ ይጠብቅ ነበር። ድንበር የሚገፋ ሰው የራሱን ማሳ ይቆርሳል?

«አይቼዋለሁ እኮ» አለ። «እያየሁት ነው የሰደብኩት።»

አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁ። ውኃው እስኪቀዘቅዝ እግሩን አላወጣም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ሆነ ሐሳቡ፤ ሄዶ እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ መጠየቅ፣ ለምን ዝም እንዳለም ከአፉ መስማት። መናኸሪያ እየሄደ ወደ አያና መኪና ወጣ ወይ ይላል፣ የለም ይሉታል። መንገዱ ተዘግቷል። ስልክም የለም፣ ኔትወርክ ተቋርጧል። ሾፌሮቹ ለምደውት ገና ከሩቅ ሲያዩት እጃቸውን ያወዛውዙለት ነበር፣ ዛሬም የለም ለማለት። እኔ ተመርቄ ጉቴ ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆንኩ፤ እሱ አሁንም መናኸሪያ ይመላለሳል።

አንድ ቀን በእግርም በመኪናም ብሎ የወጣ የአገራችን ሰው እዚያው መናኸሪያ አገኘው። ጎረቤትህ ከሞተ ቆየ አለው፣ በሕመም።

አባቴ ቤት ገብቶ ፍራሹን አውርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። የግቢው ሰው ማን ሞተብህ ሲለው ወንድሜ ይላል። ለቅሶ ደራሹ ገባ፣ ንፍሮ መጣ፣ የእድር ወንበር ተደረደረ። አንዳንዱ በእሱ ቤት የወንድሙን የክርስትና ስም ይጠይቃል፤ ሰውዬው ፕሮቴስታንት እንደ ነበር አባቴ ሲናገር ይደናገራሉ። አንዲት ሴትዮ ታዲያ እንዴት ወንድምህ ይሆናል አለችው። አባቴ ንፍሮ ዘግኖ ሰጣት።

አዮ የመጣችው መንገዱ ትንሽ ሲከፈት ነው። ዓይኗን ልትታከም። እኛን ስትጠይቅ ስታጠያይቅ ደጃችን ደረሰች። አጥንት ብቻ ሆናለች። አንገቷ ሥር ተወሽቄ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ፤ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» እያለች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ አይቀርባት፣ አይሸሻት። ቁጭ ስትል ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠና በኦሮምኛ ጠየቃት። ድንበሩን ወደ እኔ ይመልስ እንደነበር ደርሼበታለሁ፣ ለምን ዝም አለኝ? ለምን አልማለም?

አዮ ነገረችው። ክረምት በወጣ ቁጥር ባሏ ድንበሩን ወደ እኛ ወርዶ ያገኘዋል። ማን አወረደው? የበኩር ልጃቸው ማሳ ጠበበን፣ ማሳ አነሰን የሚል ነበርና እሱን ጠረጠረ። በሌሊት እየገፋ መሰለው። ቢናገር ልጁ ሌባ ሊባል ነው፤ ስለዚህ ሰው ሳይነሣ እየነቀለ ወደ ቦታው ይመልሰው ነበር፣ ዓመት በዓመት። ያን ማለዳ አባቴ ቀደመው። ሽማግሌ ፊት ደግሞ «እኔም ቤቴም» በል ተባለ። ቤቴም ብሎ ቢምል መዓቱ ልጁ ላይ ሊወርድ ነው። ስለዚህ ሌባነቱን ራሱ ተሸከመው። ቤት ገብቶ ልጁን አፋጠጠው፤ ልጁ አልነካሁም ብሎ እያለቀሰ ማለለት፣ አላመነውም። ከቤቴ ውጣ አለው። ሲሞትም ልጁ አልነበረም። መሞቱን በሰው በሰው ነው የሰማው።

አባቴ እጁን አልጋው ሥር ሰድዶ ገመዱን አወጣ። አዮ ጭን ላይ አኖረው።

«ይሄን ይዤ ነው የወጣሁት» አላት።

አዮ ገመዱን አየችው፤ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ለእሷ መንገር የእኔ ድርሻ ሆነ። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብዬ፣ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ምንጯ፣ ስለ ጎተራው ነገርኳት። ዳገቱ ነው የሚወርደው አዮ፣ የተተከለበትን ይዞ ነው የሚወርደው። የደከሙ ዓይኖቿን ፊቴ ላይ ተክላ ሰማችኝ። ባሏ እኛ ከወጣንበት ቀን ወዲህ ወደዚያ ድንበር ወርዶ አያውቅም። እሷ ግን ዘንድሮ እንጨት ልትለቅም ወርዳ ነበር። ማሳውን ማንም ያላረሰው፣ ሰው ያልረገጠው ነው፣ ቃጫው ግን ወርዷል አለችኝ። ሰይጣን ነው ብላ በኢየሱስ ስም ገሥጻ ተመለሰች።

«ታዲያ ልጄ አልነካውም?»

«አልነካውም አዮ። ማንም አልነካውም።»

ድገሚልኝ አለችኝ። ደገምኩላት። ከጡቷ ሥር የተቋጠረ ስልክ አወጣችና ለልጄ ንገሪልኝ አለችኝ፣ አሁኑኑ።

ደወልኩ። አነሣ። ከበስተኋላው ውኃ የሚስብ ሞተር ይጮኻል። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ስለ ዳገቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፣ ተማሪዎቼን እንደማስተምር ሳይሆን እየተንተባተብኩ። መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ እሱ አጥፍቶት ይሁን ርቆት አላውቅም። ጨርሼ ጠበቅሁ። የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«አባቴ ይህን ሳይሰማ ነው የሞተው?» አለኝ።

ስልኩ ጯሂ ነው፣ ሁላችንም ሰማነው። አዮን አየኋት፣ ገመዱን እያሻሸች ነበር። አባቴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለኝ።

«አዎ ልጄ» አለው። «ሳይሰማ ነው።»